የእትዬ ካርድ አሥር ሰከንድ

ሆስፒታሉ ውስጥ የእሷን ትክክለኛ ስም የሚያውቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ከበር ዘበኛው ጀምሮ እስከ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ድረስ ሁሉም የሚጠራት «እትዬ ካርድ» እያለ ነው። ስሙን ያወጡላት ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ተለጥፎባት ቀረ። እሷም ስትጠራ አቤት ማለት ከጀመረች ስንት ዘመኗ።

ሃያ ስድስት ዓመት በካርድ ክፍል ሠርታለች። ገና በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት ለሆስፒታሉ አንዲት ኮምፒውተር በእርዳታ መጣች። እንዲሠራባት የተቀጠረው ባለሙያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ኮምፒውተሯም ጨርቅ ተጣለባትና ጥግ ተቀመጠች። እትዬ ካርድ ግን ነገሩ ከነከናት። አብሮ የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ በምሳ ሰዓቷ እያነበበች መነካካት ጀመረች። የገባትን ትሞክራለች፣ ያልገባትን ታልፋለች፣ ያለፈችውን በሳምንቱ ተመልሳ ታየዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ስትፍጨረጨር ቆይታ፣ የበሽተኛው ስም ሲጻፍ ካርዱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገር ፕሮግራም ሠራች። ካርዱ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ቆሞ የሚውለው ሰው መቀመጥ ሳያስፈልገው መስተናገድ ጀመረ። ከዚያ ቀጠሮ ሲመጣ ቀጠሮን፣ ላቦራቶሪ ሲመጣ ላቦራቶሪን፣ ፋርማሲ ሲመጣ ፋርማሲን በዚያው ላይ እየቀጠለች፣ አንዱን ስትጥፍ ሌላውን ስትፈታ እስከ ዛሬ አደረሰችው። የሥራ መደቧ ግን አሁንም «የካርድ ክፍል ሠራተኛ» ነው። ፕሮግራመር ብሎ የጠራት ሰው የለም፤ እሷም ራሷን እንደዚያ ብላ አታውቅም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ሆስፒታሉ አዲስ ሲስተም ሊያስገባ ከአንድ ድርጅት ጋር መዋዋሉን፣ የእሷም ፕሮግራም ኮፒ ተደርጎ ለድርጅቱ መሰጠቱን ቀድማ ሰምታለች። ስለዚህ «አመሰግናለሁ፣ በቃዎት» ሊላት መስሏት ነው የገባችው።

«የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጉባኤ አለ» አላት። «ሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጣሉ። አንደኛው ክፍል የቆየ ፕሮግራምን ወደ አዲስ ስለ መለወጥ ነው። ሄደው ቢካፈሉ ጥሩ ነው።»

«እኔ? ከነዚያ ልጆች ጋር?»

«ታዲያ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን፣ እትዬ ካርድ?»

ይኼ ምስጋና ይሁን ችግር አልገባትም። ዞሮ ዞሮ እሺ ብላ ወጣች።

ጉባኤው የተካሄደው አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት መመዝገቢያው ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ወጣቶቹ ጀርባቸው ላይ ቦርሳ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ተሰልፈዋል። እሷ የክት ጫማዋን አድርጋ፣ የሆስፒታሉን ከባድ ላፕቶፕ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች።

«እናቴ፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?»

«አይ፣ ልማር ነው የመጣሁት።»

መዝጋቢዋ ደንግጣ ይቅርታ ስትል ምላሷ ተያያዘ። ፈላልጋ ባጁን አወጣችላት። የሌሎቹ ባጅ ላይ ከስሙ ሥር «ሲኒየር ዴቨሎፐር»፣ «የሲስተም አርክቴክት» የሚል ተጽፏል። የእሷ ላይ ስሟ ተረስቶ በትልቁ «ካርድ ክፍል» ብቻ ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ በላከው ቅጽ ላይ ማን እንደሞላው እንጃ። እትዬ ካርድ አየችውና ሳቋ መጣ። «እዚህም ደረሰ!» አለችና አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

የሥልጠናው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አርባ ወንበር ይሆናል። የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ዓመት ስላለፈው ከሶኬት መራቅ አትችልም፤ ስለዚህ ግድግዳውን ተጠግታ ከኋላ ተቀመጠች። ከጎኗ የተቀመጠው ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ጎልማሳ ነው። ላፕቶፗ ሲከፈት እንደ ወፍጮ ሲጮኽ ዘወር ብሎ አየው።

«ይኼ ነገር ይሠራል?»

«እንደኔ ነው» አለችው። «እስኪነሳ ያንገራግራል እንጂ ከተነሳ አይቆምም።»

ጢማሙ ከት ብሎ ሳቀና ሶኬቱን ለቀቀላት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተግባቡ።

አሠልጣኟ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጸጉሯን አጭር ተቆርጣለች፤ ስታወራ ፈጣን፣ እጆቿም የማያርፉ ናቸው። ግን ነገር ማስረዳት ታውቅበታለች። «የቆየ ፕሮግራም ከመንካታችሁ በፊት ፈተና ጻፉለት» አለች። «ፈተና ማለት ፕሮግራሙ ትናንት በትክክል ያደርገው የነበረውን ዛሬም ማድረጉን የሚጠብቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ካደረገ አረንጓዴ ያበራል። ካላደረገ ቀይ።» እትዬ ካርድ ይኼን ስትሰማ እስክርቢቶዋ ቆመ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በቀየረች ቁጥር ሌላው እንዳይበላሽ አንድ በአንድ በእጇ ስትሞክር፣ ምሳዋን ስታሳልፍ ነው የኖረችው። ለካ ይኼን የሚሠራ ነገር ኖሯል! ደብተሯ ላይ «ፈተና» ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ከሰዓት ላይ ሁሉም ደክሞት ማዛጋት ሲጀምር አሠልጣኟ «እንግዲህ ትንሽ ፈገግ እንበል» አለችና አንድ የፕሮግራም ቁራጭ ግድግዳው ላይ አበራች። «ይኼ በእውነት ዛሬም ድረስ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። የሰው ስም ይፈልጋል፤ ተመሳሳይ ስሞችም ያገኛል። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። አሥር ሰከንድ ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ይቆጥራል!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ጸሐፊው እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል» አለ አንዱ ከፊት።

«ኮምፒውተሩ ትንፋሽ እንዲሰበስብ ነዋ!» አለ ሌላው።

አሠልጣኟም ሳቀች። «እኛ አጠፋነው። ፕሮግራሙ ወዲያው ፈጠነ።»

እትዬ ካርድ ግድግዳው ላይ ያለውን አወቀችው፤ አሠልጣኟም ሆስፒታሉ የተዋዋለው የዚያ ድርጅት ሰው መሆኗ ገባት። የራሷ ልጅ ሰው መሀል ልብሱን ተገፎ ቆሞ ያየች ያህል ነው የተሰማት። እያንዳንዱን መስመር ታውቀዋለች፤ ክፍተቱን ሳይቀር። ጢማሙ በክርኑ ነካ አደረጋትና «ምን ዓይነቱ ጉድ ነው!» አላት። እሷም ምን እንደነካት አታውቅም፣ ሰው ሲስቅ አብራ ሳቀች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ ባለቤቷ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ሥራ ቤቱ ውስጥ ነበር። አናጢ ነው። አንድ የበር መቃን አግዳሚው ላይ አስተኝቶ እየላገ ነው፤ ፍቅፋቂው እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውጦታል። ፊቷን ሲያይ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ምነው? ከብዶሽ ነው?»

«ትምህርቱማ ደስ ይላል።» ቁጭ አለች። ከዚያ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችው።

«ሲስቁ አንቺ ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ሳቅሁ» አለች። «አብሬያቸው ሳቅሁ።»

የዚያን አሥር ሰከንድ ነገር ከሚስቱ ሌላ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ተነሥቶ እስከ ግቢው በር ተዘርግቷል። አንዲት ልብስ ሰፊ ጉሮሮዋን አሟት መጣች። የካርድ ቁጥሯን አልያዘችም፤ ስሟን ተናገረች። ኮምፒውተሩ ሁለት ሴቶች አወጣ፤ ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ፣ የአያታቸውም አንድ። ካርድ የሚያወጣው እጅ ደግሞ ከልማዱ ብዛት ዓይን ሳያይ ይሠራል። ኢንተር፣ ኢንተር። ከላይ ያለችው ሴት ካርድ ወጣ። የልብስ ሰፊዋ ካርድ ላይ ግን አንድ መርፌ እንደማይስማማት በቀይ ተጽፎ ነበር። በሌላኛዋ ካርድ ላይ ምንም የለም። መርፌው ተሰጣት።

አልሞተችም። ሐኪሞቹ ተረባርበው ከሞት አፋፍ መለሷት። አሥራ አንድ ቀን ራሷን ሳታውቅ ቆይታ ነቃች። ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ልቧ አልታዘዛትም፤ መርፌና ክር መያዝም ቀረ። ነገሩ ተመረመረና «የስም መመሳሰል» ተብሎ ተዘጋ። ኢንተሩን የተጫነው የማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የእትዬ ካርድ እጅ ነበር።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን ቀየረችው። ሦስቱም ስም የተመሳሰለ እንደሆነ ይቆማል። ሰዎቹን ከነእናታቸው ስም ዘርዝሮ ያሳያል። ለአሥር ሰከንድ ደግሞ ቁልፍ ቢጫኑት አይሰማም፤ ዓይን ወደ ስክሪኑ እንዲመለስ። የሥራ ባልደረቦቿ «ኮምፒውተሩ አረጀ፣ ተንቀራፈፈ» ብለው ሲያማርሩ «አዎ፣ አርጅቷል» እያለች አሥራ ሰባት ዓመት አለፈች።

«እነሱ ምኑን ያውቁታል» አለ አናጢው በመጨረሻ። «ያላወቀ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።»

«እኔስ መች ፈረድኩ።»

«ንገሪያቸዋ።»

«ምን ብዬ? ሰው ልገድል ነበር ብዬ?»

አናጢው መቃኑን በመዳፉ ዳሰሰው። መናገር የሚችልበት ሰው አይደለም፤ ቃል ሲፈልግ እጁ ሥራ ይፈልጋል። «አጠፋነው አላለችም?» አለ። «ካጠፉት እንግዲህ አንድ ቀን የሌላ ሰው እጅ ይጫነዋል።»

ከዚህ በኋላ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገሩም። እራት በሉ፣ ተኙ። እሷ ግን እንቅልፏ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነበር።

በማግስቱ አሠልጣኟን ለብቻዋ አግኝታ ልትነግራት ማልዳ ሄደች። ምን እንደምትል በመንገድ ላይ ስታጠና ነው የደረሰችው። አሠልጣኟ ግን መኪና አጥታ ከሁሉም ዘግይታ እየሮጠች ገባች፤ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ሥራ ጀመረች።

«ትናንት ያየናትን ቁራጭ በኢሜይል ልኬላችኋለሁ» አለች። «የመጀመሪያ ልምምዳችን እሷን ማጽዳት ነው። አሥር ሰከንዱን ደምስሱ። ከዚያ ፕሮግራሙ አሁንም ስም ማግኘቱን የሚያረጋግጥ ፈተና ጻፉ።»

አርባ ሰው በአንድ ላይ መክተብ ጀመረ። ጢማሙ የአሥር ሰከንዱን አራት መስመር በአንዴ መርጦ አጠፋቸው። እትዬ ካርድ እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቀረች። ሳታስበው ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች።

«ጥያቄ አለዎት?» አለች አሠልጣኟ።

«አይ፣ ጥያቄ የለኝም። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከፊት የተቀመጡት ዘወር አሉ። አሠልጣኟ ያልሰማች መስላ «የቱን?» አለች።

«አሥር ሰከንዱን። ሌላውንም። የፕሮግራሙ ባለቤት እኔ ነኝ።»

ትናንት «እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል» ያለው ልጅ አንገቱን ደፋ። አሠልጣኟ ተደናገረች። «እትዬ... እኔ እዚህ ይኖራሉ ብዬ... በእውነት በጣም ይቅርታ።»

«ይቅርታውን ተይውና ልጄ፣ እንዳታጠፊው ነው የተነሣሁት።» ጠረጴዛውን ያዝ አደረገች። «ሦስት ስም የተመሳሰለበት ሰው መጥቶ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው። ካርድ የምታወጣው ሴት ሳታይ ኢንተር ተጫነች። የተሳሳተ ካርድ ሄደ፣ በሽተኛዋ የማይስማማትን መርፌ ተወጋች። ሴትየዋ አልሞተችም። ግን እጇ ቀረ። ልብስ ሰፊ ነበረች።»

እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ አየችው።

«አሥር ሰከንዱ ለኮምፒውተሩ አይደለም» አለች። «ለእጅ ነው። እጅ እንዲቆም። ለራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ካርዱን ያወጣችው ሴት እኔ ነኝ።»

ቀድማ ያጠናችው ንግግር ውስጥ ይኼ አልነበረም። ከአፏ ከወጣ በኋላ ቁጭ አለች። ጢማሙ የራሱን የውኃ ጠርሙስ አስጠጋላት።

አሠልጣኟ ሰዎቹ መሀል አልፋ እስከ ኋላ ድረስ መጣችና አጠገቧ በርከክ አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«እኛ አዲሱን ሲስተም የሠራነው በካርድ ቁጥር እንዲፈልግ አድርገን ነው። ቁጥር ደግሞ አይመሳሰልም። ታዲያ ይኼ ነገር አሁንም ያስፈልጋል?»

«ቁጥሩን ይዞ የሚመጣው ከሦስት ሰው አንዱ ነው» አለች እትዬ ካርድ። «ሌላው ወይ ጠፍቶበታል፣ ወይ ሌላ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ወይ ራሱን ስቶ ሰው ተሸክሞት ነው የመጣው። ቁጥር የሌለውን በምን ትፈልጉታላችሁ?»

«በስም» አለች አሠልጣኟ ቀስ ብላ። ተነሥታ ስልኳን አወጣችና እዚያው ቆማ መሥሪያ ቤቷ ደወለች። «የሆስፒታሉ የስም ፍለጋ ጋ ያጠፋነው ነገር አለ። አዎ፣ እሷ። አይ፣ አያስቅም። እስክመጣ ድረስ እንዳትነኩት።»

ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ ወደ እትዬ ካርድ ዞረች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ጥያቄው ግን ለስላሳ አልነበረም። «ምክንያቱን ለምን አጠገቡ አልጻፉትም? አንዲት መስመር ብትኖር እኮ ማናችንም አንነካውም ነበር።»

እትዬ ካርድ ማን ያነበዋል ብዬ ነው ልትል ትችል ነበር። ጊዜ አልነበረኝም ማለትም ይቻላል። «ምክንያቱን ብጽፍ» አለች፣ «ማን እንዳደረገውም መጻፍ ነበረብኝ።»

አሠልጣኟ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ፊት ተመልሳ የዕለቱን ልምምድ ከሰሌዳው ላይ አጠፋችው። «ዛሬ የምናጸዳው ነገር የለም» አለች። «ሁላችሁም ያጠፋችሁትን መልሱ። ይኼን ፕሮግራም የጻፈችው ባለሙያ እዚህ አለች። እኛ እንጠይቃለን፣ እሷ ትነግረናለች፣ እኛ ፈተና እንጽፋለን።»

ባለሙያ። እትዬ ካርድ ዘወር ብላ ኋላዋ ሌላ ሰው መኖሩን ልታይ ነበር።

በዚያች ቀን ጥያቄው እንደ ጉድ ጎረፈ። ላቦራቶሪው ውጤት ለምን ሁለት ጊዜ ያትማል? አንዱ ወረቀት መንገድ ላይ ስለሚጠፋ። ስልክ ቁጥር ለምን ሁለት ቦታ ይገባል? ሁለተኛው የጎረቤት ነው፤ በሽተኛው ስልክ የሌለው እንደሆነ። መጀመሪያ ድምጿ አልወጣ ብሏት ነበር፤ በኋላ ግን እጇን እያወናጨፈች፣ አንዳንዴም ተነሥታ ሰሌዳ ላይ እየሳለች ትመልስ ጀመር። ያ «እንቅልፍ ወስዶት» ያለው ልጅ ከሁሉም የበለጠ ጠያቂ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ ሁሉ ግን ክብር ብቻ ሆኖ አልቀጠለም። ከሰዓት በኋላ ጢማሙና እሷ የዕድሜ ስሌቱን ፈተና አብረው ሲጽፉ «ጨቅላ ሕፃን እንሞክር» አላት። የሦስት ሳምንት ሕፃን፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የተወለደ፣ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ የታከመ። ፈተናውን አስኬዱት።

ቀይ።

ፕሮግራሙ ሕፃኑን አንድ ዓመት ሞልቶታል ይላል። እትዬ ካርድ «ተሳስተን ጽፈን ነው» አለች። ደግመው ጻፉት። ቀይ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀላባት ገባት። ዕድሜን የምታሰላው ዓመትን ከዓመት ቀንሳ ብቻ ነው፤ ወሩንም ቀኑንም አታይም። ሃያ ዓመት ያለፈው ስሕተት! ያን ጊዜ ነው የሕፃናት ክፍል ካርዶች ዓይኗ ላይ የመጡት፤ ኮምፒውተሩ ያተመው ዕድሜ በእስክርቢቶ ተሰርዞ ከላይ «3 ሳምንት» ተብሎ የተጻፈባቸው። ነርሶቹ ዝም ብለው ሲያርሙላት ነው የኖሩት። እሷ ደግሞ ካርዱን በቀለም አበላሹብኝ ብላ ስንት ጊዜ ተቆጥታቸዋለች።

«ወይ ጉዴ» አለች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጢማሙ ያለቀሰች መስሎት ደነገጠ። እጇን ስታነሣ ግን ዕንባውም ሳቁም ነበር።

«እነዚያን ነርሶች እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ» አለች።

«ስሕተቱን ላርመው?»

«ወዲያ በል! እኔ ነኝ የማርመው።»

አረመችው። ለማረም አንድ ሰዓት ፈጀባት፤ መጨረሻ ላይ አረንጓዴው ሲበራ ጢማሙ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ ሰዉን ሁሉ አስደነገጠ።

በሦስተኛው ቀን ሌሎች ክፍሎች ውስጥ ሌላ ሌላ ሥልጠና ነበር፤ ስለ ስልክ መተግበሪያ፣ ስለ ደኅንነት፣ ብዙ ነገር። እትዬ ካርድ ስለ ስልክ መተግበሪያው የተሰጠውን ገብታ ግማሹ አልገባትም፤ የገባት ግማሽ ግን ደስ አላት። ከሰዓት በኋላ አሠልጣኟ ባዶ ክፍል ፈልጋ ከእሷ ጋር ተቀመጠች። ሁለቱ ብቻቸውን ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር አዩት። ምክንያት ያለውን ምክንያቱን ጻፉበት። ምክንያት የሌለውን እትዬ ካርድ ራሷ «ይኼ ዝም ብሎ ነው፣ ወርውሪው» አለች። ሲጨርሱ አርባ አንድ ፈተና ጽፈዋል። የስም መመሳሰሉ ፈተና ላይ አሠልጣኟ ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ጠየቀች።

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«እኔ ልጻፈው።» ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና በሁለት ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈች፤ የሆነውን ቀን፣ የሆነውን ነገር፣ ካርዱን ያወጣችው ይኼን ፕሮግራም የሠራችው ሠራተኛ መሆኗን። የልብስ ሰፊዋን ስም አልጻፈችም። ጽፋ ስትጨርስ አንድ ጊዜ አነበበችውና «ይሁን» አለች።

አዲሱ ሲስተም ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ በዚህ ምክንያት ወደ ሁለት ወር ተራዘመ። ሥራ አስኪያጁ አጉረመረመ፤ ምክንያቱን ሲሰማ ግን ተስማማ። አሠልጣኟ አሥር ሰከንዱን እንዳለ አልመለሰችውም። ሦስት ስም ሲመሳሰል ሠራተኛዋ የበሽተኛውን እናት ስም ጠይቃ ራሷ ካልጻፈችው ካርዱ አይከፈትም። ኢንተር ቢጫኑት ወዲያም ወዲህም አይልም። እትዬ ካርድ ይኼን ስታይ ብዙ ጊዜ ሞከረችው፤ ልታታልለው ፈለገች፣ አልሆነላትም።

«ከእኔው ይሻላል» አለች። «እኔ እጅን ብቻ ነው ያቆምኩት። አንቺ አፍንም አስከፈትሽው።»

ነርሶቹንም ይቅርታ ጠየቀች። የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ነርስ በመጀመሪያ ምን እንደምታወራ አልገባትም፤ ሲገባት «እኛ እኮ ኮምፒውተሩ ሕፃን አይወድም ብለን ነበር የተውነው» አለቻት።

ሲስተሙ የተከፈተ ቀን ሰልፉ ረዘመ፣ ሰው ተነጫነጨ፣ ሲስተሙም ሁለት ጊዜ ቆሞ ተነሣ። እትዬ ካርድ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትል ዋለች። የማታውቀው ነገር ሲገጥማት ለአሠልጣኟ ትደውላለች፤ አሠልጣኟም «እትዬ፣ እስቲ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ» ትላታለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ስልካቸው ከሥራ ወደ ጨዋታ፣ ከጨዋታ ወደ ክርክር ተሸጋገረ። ሁለቱም ግትር ናቸው።

በስድስተኛው ወር እትዬ ካርድ አዲሱ ሲስተም በተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ የመጀመሪያ ሥራዋን ጻፈች። ትልቅ ነገር አይደለም፤ የቀጠሮ ወረቀት ላይ ያለው ጽሕፈት ለአዛውንቶች ደቃቅ ስለነበር፣ ዕድሜው ከስድሳ በላይ ለሆነ ሰው ጎላ ብሎ እንዲታተም የሚያደርግ ነው። ለድርጅቱ ላከችው። አሠልጣኟ «ፈተናው ይጎድላል» ብላ መለሰችባት። ጻፈችና ላከች። «ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሲሆን ይበላሻል» ተብሎ እንደገና ተመለሰ። በዚህኛው ተናደደች፣ አንድ ቀን ሙሉ ላፕቶፑን ሳትከፍት ዋለች። በሁለተኛው ቀን ከፍታ አረመችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። ከሥራ ስትወጣ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ባሏ ሥራ ቤት ሄደች። አናጢው ምስማር ጥርሱ ውስጥ ይዞ ወንበር እየጠገነ ነው።

«ተቀበለችኝ» አለችው።

ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «ተቀበለች ማለት ምን ማለት ነው?»

«ገባ ማለት ነዋ። የእኔ ሥራ ከእነሱ ጋር ገባ። ከሰኞ ጀምሮ ይታተማል።»

አናጢው ነገሩ በደንብ አልገባውም፤ ፊቷን ግን አየ። የሚጠግነውን ወንበር አገላብጦ በእግሩ አቆመው፣ በእጅጌው ጠረገውና «በይ እንግዲያው፣ ተቀመጪና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አላት።